ሐጂ የተቀመጡበት ሶፋ

ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው ወደ ቤት ተመለሰ። አራት ሰዎች ከአይሱዙ ላይ አውርደው፣ በራችን ጠባብ ስለሆነ በጎኑ አዙረው ሲያስገቡት ሆዱ ወደ እኔ ዞረ። ከሥሩ የተሸፈነበት ጥቁር ጨርቅ ተቀዷል፣ ውስጡ ይታያል፤ ጣውላው፣ ምስማሩ፣ በሽቦ ሞላ ፋንታ ደግሞ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ እንደ ቅርጫት የተጠላለፈ የመኪና ከመነዳሪ፣ ያ ጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ። አንዱ ላይ የጎማው ቁጥር እስካሁን በነጭ ይነበባል። ከዚያ የማስቲሽ ሽታ መጣ። ማስቲሽ ይህን ያህል ዓመት ይሸታል ብዬ አላስብም፤ ምናልባት የሸተተኝ ከሶፋው ሳይሆን ተሸክሞ ካስገባው ከአባቴ ልብስ ነው። ብቻ ሸተተኝ፣ እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ ስምንት ዓመቴ ሆነ።

ሶፋው የተመለሰው ሱቁ ስለሚለቀቅ ነው። አባቴ ሶፋ የሚሠራበትና የሚሸጥበት የገርጂ መስመር ለመንገድ ተፈልጎ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ዕቃችሁን አንሱ ተባልን። ሌላ ቦታ አለ፤ ሰሚትን አልፎ፣ ሰው ገና ያልለመደው አዲስ ሰፈር። እዚያ ሄዶ ደንበኛ ከዜሮ መጀመር ነው። በዚሁ መሐል ደግሞ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ደወለለት። ሹፌር ጎድሎባቸዋል፤ «ነስሩ ከመጣ ሌላ ሰው አንፈልግም» አሉት። የወር ደሞዝ፣ ሕክምና፣ ጡረታ። አባቴ «ሰኞ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ሻዩን እያየ ሻዩ ቀዘቀዘ። እናቴ አጠገቡ ነበረች፣ ሁሉንም ሰምታለች፤ ምንም አላለችም። እናቴ ስትጮህ ማንም አይፈራም። ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ «በኛ ጊዜ» ብዬ ወሬ ስጀምር ወንድሜ ኢምራን ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ያኔ የአርባ ቀን ልጅ ነበር፣ ምን ያውቃል? እኔ ግን አስታውሳለሁ። በኛ ጊዜ ከገርጂ ወደ መገናኛ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ስንሄድ እናቴ ጭኗ ላይ ታስቀምጠኝና ለእኔ አትከፍልም ነበር። ረዳቱ «እናት፣ ይቺ ልጅ ትልቅ ናት፣ እግሯ ወለል ነክቷል» ሲላት፣ «የረዘመው እግሯ ነው፣ ዕድሜዋ አይደለም» ትለዋለች፤ ታክሲው ሙሉ ይስቃል። ባቡሩ አዲስ ነበር፤ ሰው ለመድረስ ሳይሆን ለማየት ይሳፈረው ነበር። እኛም አንድ እሑድ መገናኛ ተሳፍረን፣ መጨረሻው ድረስ ሄደን፣ ሳንወርድ በዚያው ተመለስን። ድልድዩ ሥር ካልሲ የሚሸጡት «ሦስቱን በሃያ! ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ!» እያሉ በዜማ ይጮኹ ነበር፣ እኔ ቤት ገብቼ ዜማውን ለአሻንጉሊቴ እዘፍንላታለሁ። ሳምቡሳ ሁለት ብር ነበር፣ ያውም ምስሩ እስከ ጫፉ የደረሰ። አሁን ዋጋው አደገ፣ ሳምቡሳው ራሱ አነሰ። ጎረምሶቹ ጸጉራቸውን ጎንና ጎኑን ተላጭተው መሐሉን ብቻ ያቆሙ ነበር፤ ሴቶቹ ጂንስ ላይ ቀሚስ ይደርባሉ። እናቴ ደግሞ ጫፉ ላይ ብርማ ዶቃ የተሰፋበት ወይን ጠጅ ቀለም ሻርፕ ነበራት፤ ስትራመድ ዶቃው ቀስ ብሎ ይንሿሿል፣ እኔም ሳልዞር መምጣቷን አውቃለሁ።

የምንኖረው አሁንም ያለንበት የጋሽ ኪሮስ ግቢ ነው፤ ያኔ ግን ክፍላችን አንድ ነበረች። ጋሽ ኪሮስ የግቢው ባለቤት ናቸው። ትግራይ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። እሑድ እሑድ ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጡና ግቢው በክራር ይሞላል። ዓርብ ደግሞ ተራው የአባቴ ነው፤ ከመስጊድ ሲመለስ በስልኩ መንዙማ ይከፍታል። ለዓመት በዓል ሁለቱም ተነጋግረው የጉራጌ ዘፈን ይከፍቱና የግቢው ልጆች በሙሉ ላብ በላብ እስክንሆን እንጨፍራለን። ማን ክርስቲያን ማን ሙስሊም እንደሆነ የሚታወቀው ሥጋ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ያኔ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ እኛ ልጆች ከየድስታችን በልተን እንደገና እንገናኛለን።

አባቴ ያኔ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ነጭ ላንድክሩዘር፣ አንቴናው ረጅም፣ ወንበሩ ላይ ፌስታሉ ያልተነሳለት። ሰማያዊ ሸሚዙን እናቴ በየማታው ትተኩስለታለች፤ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፣ አንደኛው አይጽፍም። «ለምን ትይዘዋለህ?» ስለው «ያምራል» ይለኛል። አልፎ አልፎ በጠዋት አለቃውን ለማምጣት ሲሄድ መንገዱ ከሆነ እኔን ትምህርት ቤት በር ላይ ያወርደኛል። በዚያ ቀን ከመኪናው ስወርድ እንዴት ቀስ ብዬ እንደምወርድ ብታዩኝ! በሩን ሁለቴ እዘጋዋለሁ፣ ያልሰማ ካለ ይስማ ብዬ።

ሹፌርነት መንዳት ይመስለኝ ነበር። መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ተዘግቶ አብሬው ዋልኩ። ጠዋት አንዲት ሴትዮ ይዘን አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል አደረስን፤ ሴትዮዋ «አሥር ደቂቃ» ብላ ገባች፣ ሦስት ሰዓት ቆየች። ከዚያ መሥሪያ ቤት መለስናት። ከዚያ ጠበቅን። ከዚያ ፖስታ አደረስን። ከዚያ ጠበቅን። ከቢሮው ፊት ለፊት ባለች ቅያስ ውስጥ አሮጌ ሶፋ የሚያድሱ አንድ ሰውዬ ነበሩ፤ አባቴ መጠበቁ ሲሰለቸው እዚያ ይሄዳል። መጀመሪያ ወሬ ሊያወራ ነበር የሚሄደው። ከዚያ ጨርቅ ወጥሮ መያዝ ጀመረ፣ ከዚያ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ከዚያ መስፋት። እንዲህ እንዲህ ሲል ስድስት ዓመት ሞላው። ስልኩ ሲጠራ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ወደ መኪናው ይሮጣል። ያን ቀን ያየሁት አባቴ ቤት ከማውቀው አባቴ የተለየ ነበር። ቤት ዝምተኛ ነው። እዚያ ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ ያወራል፣ ይከራከራል፣ «ይሄ ማዕዘን ጠሟል፣ እንደገና ይፈታ» ይላል። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው «አባትሽ መሪ ሲይዝ ሰው ነው፣ መርፌ ሲይዝ ሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

ሶፋውን የሠራው በዚያው ክረምት፣ በግቢው ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በየእሑዱ ነው። ጣውላው ከፈረሰ ቤት የተገዛ ነው። ሞላ ውድ ስለሆነበት ከጎማ ጠጋኝ ጓደኛው የተጣለ ከመነዳሪ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ በመቀስ በቀጭኑ ቆራርጦ አጠላለፈው። ለማልበሻ ቡናማ ቬልቬት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ ምስማር አቀብላለሁ፣ እሱ ማስቲሽ ይቀባል፤ ጋሽ ኪሮስ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ነስሩ፣ ሚስትህ እዚያ ውስጥ እርጉዝ ናት፣ በዚህ ሽታ ልጁ ሰክሮ ይወለዳል!» ይላሉ። እናቴ ከውስጥ ትስቃለች። ያኔ ሶፋው ለእሷ ጨዋታ ነበር። ወንድ እሑድ ኳስ ከሚያይ ሶፋ ቢሠራ ምን ይጎዳል? ሲያልቅ ክፍላችንን ግማሹን ያዘው፤ አልጋው፣ ሶፋው፣ በመሐል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መተላለፊያ። ሲቀመጡበት ከመነዳሪው «እእእ» ብሎ ያቃስታል፣ ከዚያ ሰውነትን ቀስ አድርጎ ይቀበላል።

ኢምራን ተወልዶ፣ እናቴ የአራስነቷን አርባ ቀን እንደጨረሰች፣ ከመሥሪያ ቤቱ የውል ማደሻ ወረቀት መጣ። ውሉ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ እስከ ሰኞ ተፈርሞ መመለስ ነበረበት። አባቴ ወረቀቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ አልፈርምም አለ። ሶፋ አዳሹ ሰውዬ እርጅና ተጫጭኗቸው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ መሣሪያቸውን ለእሱ ሊለቁለት ተነጋግረዋል። ገርጂ ላይ ትንሽ ሱቅ አይቷል።

እናቴ ኢምራንን እያጠባች ነበር። መጀመሪያ የቀለደ መሰላት።

«ነስሩ፣ ደሞዝ የሚባል ነገር አለ» አለችው። «ወር ሲሞላ ገበያ ቀዘቀዘ ሳይል፣ ዝናብ ዘነበ ሳይል የሚመጣ። ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሕጻኑ ሲያተኩሰው በማን ካርድ ነው ያሳከምነው? በሶፋው?»

«በመሥሪያ ቤቱ።»

«ታዲያ ምን ነካህ? ጅን ነው?»

አባቴ «ዘይነባ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው እስኪወጣ ነው የምጠብቀው» አላት። «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እጄ የሚያውቀው ሥራ እያለ በር በር እያየሁ ማርጀት ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ ምን እንደምፈራ ልንገርህ?» አለች እናቴ፤ ድምጿ ወረደ። የእሷ አባት ነጋዴ ነበር። አንድ ሰሞን ቤታቸው በእንግዳና በሥጋ ይሞላል፣ ሌላ ሰሞን አበዳሪ ሲያንኳኳ እናቷ በር ዘግታ ልጆቿን «የሉም በሉ» ትላቸዋለች። «እኔ ልጅ ሆኜ የበር መንኳኳት እፈራ ነበር። ደሞዝተኛ ያገባሁት ለዚህ ነው። አንተን ስለወደድኩ ነው፣ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ ግን ለዚህም ነው።» እኔ አልጋው ላይ ተኝቻለሁ ተብሎ ስለታሰበ ሁሉንም ሰማሁ። ትልቅ ሰው በሁለት ምክንያት እንደሚያገባ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በሚቀጥለው ቀን እናቴ ሽማግሌ ላከችበት። ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለማጨት ወይ የተጣላ ለማስታረቅ ነው፤ እሷ ባሏን ከደሞዙ ጋር ለማስታረቅ ላከች። የመረጠቻቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ጋሽ ኪሮስ። ሁለተኛው የእሷ አጎት ሐጂ ሸምሱ፤ አላህ ይዘንላቸውና፣ አትላስ በኩል ፔንሲዮን የነበራቸው፣ ወገባቸው የሚያማቸው፣ አባቴ እንደ አባት የሚያፍራቸው ሰው ነበሩ። እናቴ አንድ በአንድ አስጠናቻቸው። ለልመና የመጣ ሽማግሌ የለመነውን ሳያገኝ አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል፤ ባለቤቱ «ኧረ ይቀመጡ» ሲል «እሺ በለንና እንቀመጣለን» ይላል። ትልቅ ሰው ደጁ ላይ አቁሞ እምቢ የሚል አንጀት ደግሞ አባቴ የለውም። የተቀመጡ እንደሆነ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ልመናው ወሬ ይሆናል፣ እንግድነት ይሆናል፣ ሻይ ይመጣል። «እሺ ሳይል እንዳትቀመጡብኝ» አለቻቸው። እንዲያውም ጥንቃቄዋ በዝቶ እሑድ ጠዋት ቤታችን ያሉትን ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች «ለጎረቤት አድርሺ» ብላ አሸከመችኝ። ትንሿን መቀመጫ፣ ዱካዋንም ጨምራ። ሰው ዓይኑ ወንበር ካላየ እግሩ አይደክምም ብላ ይመስለኛል። ሶፋውን ግን ብቻዋን ማንሳት አልቻለችም።

ሐጂና ጋሽ ኪሮስ አራት ሰዓት ላይ ገቡ። አባቴ ሲያያቸው ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ኪሮስ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ግራጫ ኮታቸውን። አልጋውና ሶፋው መሐል ባለችው መተላለፊያ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ፣ ሌላ መቆሚያ የለማ!

«ይቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኪሮስ። «እሺ በለን።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ወረቀቱን ፈርም። የሁለት ልጆች አባት ነህ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ የታወቀን በማይታወቅ አይለውጡም። ትንሹ ልጅህ ገና ዓመት እንኳን አልሞላውም።»

ሐጂም ቀጠሉ። የእናቴን አባት አነሱ፣ ወንድማቸውን፤ እንዴት እንደነበረ፣ እንዴት እንደሆነ። እናቴ ግድግዳው ጋ ቆማ በሻርፗ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ዶቃው ይንሿሿል። አባቴ መሬት መሬት ያያል። «እሺ» ሊል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ሊል እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ አፉ ተከፍቶ ነበር።

በዚህ መሐል ሐጂ ወገባቸውን ያዙ። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ ሌላው የጋሽ ኪሮስ ትከሻ ላይ፣ ፊታቸው ላብ ላብ ብሏል። ማንም ያየ የለም፣ ከእኔ በቀር። እኔ ደግሞ በሥርዓት ያደግኩ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ቆሞ ካየሽ ተነሺ፣ እጁን ያዢ፣ ይቀመጡ በይ፤ እናቴ ራሷ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ ነው። ስለ ሽማግሌና ስለ መቆም የተባለውን ያኔ አልሰማሁም፣ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሄጄ የሐጂን እጅ ያዝኩና፣ ቀስ ብዬ፣ «ሐጂ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ተቀመጡ።

ከመነዳሪው «እእእ» አለ፣ ሐጂም «እእእ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ኪሮስ ብቻቸውን ቆመው አንዴ ሐጂን፣ አንዴ አባቴን ያያሉ። ሐጂ በእጃቸው መደገፊያውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ጀርባቸውን ወደ ኋላ ለቀቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ። እኔ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

«ይሄን የት ነው የገዛኸው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት ሐጂ።»

«ውሸት!»

«ወላሂ።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ከመነዳሪ።»

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። «ኪሮስ፣» አሉ፣ «ና ቁጭ በል እስኪ እዚህ። የመጣንበትን ተወውና አንዴ ቁጭ በል።»

«ሐጂ! እኛ ለልመና—»

«ቁጭ በል ነው የምልህ! እኔ እኮ ወገቤን አጣሁት። የት እንዳለ አላውቅም።»

ጋሽ ኪሮስም ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ልመናው አለቀ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ «ከፈለግሽ እፈርማለሁ» አላት። እውነቱን ነው፣ ይፈርም ነበር። እሷም «ሽማግሌ ልኬብህ ሽማግሌዬ ተቀመጠ» አለችው። «አሁን ብትፈርምልኝ ያንተ ነገር አይሆንም፣ የሽንፈት ነገር ይሆናል። ሂድ ሥራ። ግን ሁለት ነገር። ይሄ ሶፋ አይሸጥም። ሐያት ከትምህርት ቤቷ አትነሳም።» ሐጂን እጃቸውን ይዤ ያስቀመጥኳቸው እኔ መሆኔን እናቴ አላየችም፤ ያኔ ዓይኗን በሻርፗ ይዛ ነበር። ሐጂ ወገባቸው አሸንፏቸው የተቀመጡ ነው የሚመስላት። እኔም አልነገርኳትም።

የመጀመሪያው ዓመት አስቸጋሪ ነበር። ታሪኩ እንዲያምር ብዬ አላሳምረውም። ሐጂ ለፔንሲዮናቸው ሁለት ሶፋ አዘዙና ዘመድ ነኝ ብለው በዋጋው እስኪደክመው ተከራከሩት። ከዚያ ለሁለት ወር ማንም አላዘዘም። ላንድክሩዘሩ ቀረ፣ ሁለቴ የምዘጋው በር ቀረ። ኢምራን ሌሊት ሲያለቅስ እናቴ ግንባሩን ትዳብሳለች፣ ትኩሳት እንዳይሆን ስትፈራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ሲቀደድ አባቴ ከተረፈው ቡናማ ቬልቬት ሰፋልኝ። ክፍል ውስጥ «ሶፋዋ መጣች! ማን ይቀመጥባታል?» ይሉኝ ነበር፤ አንድ ልጅማ እውነት ሊቀመጥብኝ ሞክሮ በቦርሳው ፊቱን አገኘሁት። ቦርሳው ጠንካራ ነው፣ በሶፋ ስፌት የተሰፋ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባቴ ራሱ ከትምህርት ቤቴ አወጣኝ። እጄን ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲወስደኝ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። እናቴም አልተናገረችም፤ «ብዬህ ነበር» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደዋጠች እሷ ናት የምታውቀው። ከዚያ ይልቅ ኢምራንን አዝላ ሱቁ መጣችና «ይሄ የምታሳየው ጨርቅ ቀለሙ ያስጠላል» አለችው። ጨርቅ መምረጥ የእሷ ሆነ። ደንበኛ ስትመልስ አይቼ አላውቅም፤ አንዲት ሴትዮ «ላስብበት» ብላ ስትወጣ እናቴ «ቁጭ ብለው ያስቡበት» ትላታለች፣ ለማሳያ ሱቁ የወሰድነው፣ ያ የማይሸጠው ሶፋ ላይ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሱቁ ሰፋ። አምስተኛው ላይ ከአንድ ክፍል ወደ ሦስት ክፍል ገባን። አሁን መገናኛ ሆኜ ሶፋ ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ ሳይ በስፌቱ የአባቴ መሆን አለመሆኑን አውቃለሁ። የሱ ከሆነ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «የኛ ነው!» ማለት ያምረኛል።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው የተመለሰው እንዲህ ሆኖ ነው። እሑድ ጠዋት እናቴ ዝምታዋን ጨረሰች። ማድቤት ጠርታኝ «ወንበሮቹን ለጎረቤት አድርሺ» አለችኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከዚያ ጋሽ ኪሮስን ጥሪልኝ።»

አሁን ወንበራችን ስድስት ነው፣ ያውም እንጨት። ኢምራንና እኔ ተጋግዘን አመላለስን። ሶፋውን ለማንሳት ብንጠይቃት «እሱ ይቆይ» አለች።

ጋሽ ኪሮስ በከዘራ እየተረዱ መጡ። ያን ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ አሁን ትከሻቸው ውስጡ ጠፍቷል። መሐል ክፍል፣ ሶፋው ፊት፣ ቆሙ። አባቴ ከመኝታ ክፍል ወጥቶ አያቸው፤ ወንበር የሌለበትን ቤት አየ፤ እናቴን አየ።

እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ልማድ ነው። ጋሽ ኪሮስ ከዘራቸውን አነሱብኝ።

«አንቺ ጓለይ! ዛሬ ይቀመጡ እንዳትይ! ያኔም ነገር ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ ሐጂን እጃቸውን ይዘሽ ያስቀመጥሽ!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን?»

«በኋላ» አልኳት። ፊቴ ጋለ።

«ነስሩ፣» አሉ ጋሽ ኪሮስ፣ «ለልመና ነው የመጣሁት። ሰኞ ለሚደውሉልህ ሰዎች እምቢ በላቸው።»

አባቴ ሳቅ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። «ጋሼ፣ ያኔ ፈርም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ያኔ የማይታወቀው ሶፋው ነበር። አሁን ሶፋው ታውቋል። ሒሳቡ ተለወጠ።»

«እዚያ አዲስ ሰፈር ማን ያውቀኛል? ሐያት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ይሄ ልጅ ገና አራተኛ ክፍል ነው። ደሞዝ ነው እኮ ጋሼ፣ ደሞዝ!» ድምፁ የእናቴን ይመስል ነበር፣ የዚያን ጊዜዋን። ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ነሽ ደግሞ የላክሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«በር ሲንኳኳ የምትፈሪው አንቺ?»

«አሁንም እፈራለሁ» አለች እናቴ። «ግን ስድስት ዓመት በር ስታይ የኖርክበትን መሥሪያ ቤትም አውቀዋለሁ። ተመልሰህ እዚያ ስትቀመጥ ማየት አልፈልግም። ጨርቁን እኔ እመርጣለሁ፣ እዚያም ቢሆን።»

ጋሽ ኪሮስ ቆመዋል። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከዘራው ወለሉ ላይ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ዓይናቸው ግን አባቴ ላይ ነው። አባቴ ደግሞ እሳቸውን አላየም፤ የሚያየው ሶፋውን ነበር፣ ከዚያ ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ሶፋውን። ያኔ ነው እናቴ ሶፋውን ለምን እንዳቆየችው የገባኝ። የሠራው ሶፋ ባዶውን ተቀምጦ፣ ፊቱ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፤ ይህን ማየት የሚችል ሶፋ ሠሪ የለም።

አባቴ ሄዶ የሶፋውን መቀመጫ ሁለቴ መታ መታ አደረገው፣ አቧራ የሌለውን።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«መጀመሪያ።»

«እሺ» አለ አባቴ። «እሺ ብያለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

ጋሽ ኪሮስ ተቀመጡ። ከመነዳሪው «እእእ» አለ፣ እሳቸውም እንደዚያው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ኢምራንም ዘሎ መሐላቸው ገባ። ለእናቴ ቦታ አልተረፈም።

«ሐያት፣» አለችኝ ሻርፗን እያስተካከለች፣ «ወንበሮቹን መልሺ። ከዚያ ነይና ስለ ሐጂ እጅ ትነግሪኛለሽ።»